ልብስ ሰፊውና የሦስት ቀን ጨለማ

የልብስ ሰፊው ሚስት መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልለው አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ዱብ ሲያደርጉት፣ አራሚዋ የውሰት ካርዶችን በፊደል ተራ ትደረድር ነበር።

«በይ መጽሐፍሽን ያዢ» አሉ። «ሁለተኛ እቤቴ እንዳይገባ!»

ቤተ መጻሕፍቱ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለ አንድ ክፍል ነው። ሁለት መስኮት፣ አሥራ አንድ መደርደሪያ፣ አንድ እግሩ አጥሮ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ረጅም ጠረጴዛ አለው። አራሚዋ ከማተሚያ ቤት ጡረታ ከወጣች ጀምሮ ቁልፉ በእሷ እጅ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ጽሑፍ ስታርም ኖራ፣ ሰው ሁሉ «አራሚዋ» እያለ ስሟ በዚያው ቀረ። ጡረታ የወጣችው ከሥራዋ እንጂ ከስሟ አይደለም። ሰሌዳው ላይ የቁምስናው ቄስ አባ በእጃቸው ጽፈው የለጠፉትን ማስታወቂያ እንኳ በቀይ እስክሪብቶ ከማረም አትመለስም።

«እትዬ፣ ምን ተፈጠረ? ይቀመጡ እንጂ» አለች ከወንበሯ ብድግ ብላ።

«አልቀመጥም። ከተቀመጥኩ አለቅሳለሁ። እኔ የመጣሁት ልቆጣ ነው።»

እንዳሉትም ቆመው ተቆጡ። ባላቸው ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው ከተቸገሩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ሞራውን ለማስገፈፍ ሰባት ወር ተራ ጠብቀው፣ ቀኑ ለሐሙስ ተቆርጦላቸው ነበር። ትናንት ሆስፒታል ደውለው ሰረዙት።

«ተራዬን ለሌላ ሰው ስጡት ብሎ ስልኩን ዘጋ። ለምን ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ዓለም ሦስት ቀን ሙሉ ሊጨልም ነው፤ ያን ጊዜ ዓይን ያለውም የሌለውም እኩል ነው አይለኝም መሰለሽ! ከስፌት መኪናው ሥር አርባ ሻማ ደርድሯል። አርባ! ሁሉንም አባ ዘንድ ወስዶ አስባርኮ!»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ልብ ወለድ ነው።»

«ለእኔ ነው የምትነግሪኝ? ለእሱ ንገሪው። የሰጠሽው አንቺ ነሽ።»

እውነት ነው፣ የሰጠችው እሷ ናት። ሴትየዋ ያሉትን ብለው ሳይቀመጡ ወጡ። በሩ ላይ ግን ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ሲያደርጉ አየቻቸው።

መጽሐፉን ከፌስታሉ አወጣችው። አንባቢዎቹ ርእሱ ስለረዘመባቸው በአጭሩ «ጨለማው» ይሉታል። «ጨለማው ገብቷል?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። አንድ ካቶሊካዊ ደራሲ ስለ ዓለም ፍጻሜ የጻፈው ባለ ሦስት መቶ አርባ ገጽ ልብ ወለድ ነው። ሐሳዊ መሲሕ ዓለምን በፈገግታ ይይዛታል፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ይሰደዳሉ፤ ምእመናን በየጓዳው ተደብቀው ያስቀድሳሉ። በመጨረሻ ሦስት ቀን ፀሐይ አትወጣም፤ ከተባረከ የሰም ሻማ በቀር የሚበራ ነገር አይኖርም። በአራተኛው ቀን ይነጋል፣ ሁሉም ነገር በቦታው ይገባል።

አራሚዋ ሁለት ጊዜ አንብባዋለች። ሁለቴም ንጋቱ ጋ ስትደርስ አልቅሳለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ስህተት ስትለቅም የኖረች ሴት፣ ምንም ብትጠነቀቅ መጽሐፉ ታትሞ ካለቀ በኋላ አንድ ግድፈት ከአንዱ ገጽ ላይ አፍጥጦ እንደሚጠብቃት ታውቃለች። በዚህ መጽሐፍ ግን የዓለም ስህተት በሙሉ በአንድ ጠዋት ይታረማል። ስለዚህ መደርደሪያው ላይ በራሷ እጅ «ሳያነቡ እንዳይቀሩ» ብላ ጽፋ ለጥፋበታለች።

ገጹን ስትገልጥ አንድ ቁራጭ የኮት ገበር ወደቀ። ልብስ ሰፊው ምልክት ያደረጉበት ነው፤ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አንድ። ጨለማው የሚጀምርበት ገጽ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ የንባብ ቡድኑ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰበ። ወሩን ሙሉ ሌላውን ቅጂ እየተቀባበሉ ሲያነቡት የከረሙት ይህንኑ መጽሐፍ ስለነበር ቀኑ አስተያየት የሚሰጥበት ቀን ነው። አራሚዋ የሆነውን ሳትደብቅ ነገረቻቸውና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

መጀመሪያ የተናገሩት ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ናቸው። ከማስታወሻ ደብተራቸው ቀና ሳይሉ «እኔ ደራሲውን የማልምረው በድምሩ ነው» አሉ። «ምዕራፍ ሦስት ላይ ጳጳሱ የስድሳ ሁለት ዓመት ሰው ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ይሰደዳሉ። ሲመለሱ ስድሳ ስምንት! ዕድሜ መደመር ያቃተው ሰው የዓለምን ፍጻሜ ሊያሰላልኝ?»

ሳቁ። ቀጥላ ነርሷ ተናገረች። ሰው ሁሉ ሲስተር ስለሚላት፣ ወደ ቁምስናው አዲስ የሚመጣ ሰው መነኩሲት ትመስለውና «ገዳምሽ የት ነው?» ይላታል። እሷም የጋብቻ ቀለበቷን ታሳየዋለች።

«እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው» አለች። «ሦስት ቀን መብራት ጠፋ ተባለ። ኦክስጅን ላይ ያሉት በሽተኞችስ? የምትወልደዋስ? በዚህ ሁሉ ገጽ አንድ ሰው እንኳ አያስለውም። ወይ ጻድቅ ነው ወይ ከሀዲ። እኔ በሃያ ዓመት ሥራዬ እንዲህ የለየለት ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ አላየሁም።»

«መጽሐፉ እኮ ስለ ሆስፒታል አይደለም» አለች አራሚዋ። ድምጿ ከፈለገችው በላይ ሹል ሆኖ ወጣ።

«ስለ ሰው ግን ነው አይደል?»

አራሚዋ የተነደፈች ያህል ፊቷ ቀላ። ሰው የሚወደውን መጽሐፍ ሲያጣጥሉበት እንዲህ እንደሚያም ለሌላው ስታስረዳ ኖራ፣ በራሷ ሲደርስ ግን እንዳልጠበቀችው ሆነባት።

ቀጥለው አባ ገቡበት። «እኔ ሻማውን ስባርክ ለጸሎት መስሎኝ ነው» አሉ። «ቤተ ክርስቲያን ቀን ቆርጣ አታውቅም። ይህን ከመንበሩ ላይ ደጋግሜ ብያለሁ፤ ግን ስብከት አሥር ደቂቃ ነው፣ መጽሐፍ ደግሞ ከሰው ጋር እቤት ይገባል። አሁን ማን ያናግራቸው?»

ሁሉም ወደ አራሚዋ ዞሩ።

ሰኞ ከሰዓት መጽሐፉን በቦርሳዋ ይዛ ሱቃቸው ሄደች። ሱቁ በጫማ ሠሪና በፎቶ ቤት መካከል የተጣበቀ፣ በሩ ሲከፈት የሚንቋረር ጠባብ ክፍል ነው። ልብስ ሰፊው መኪናቸው ላይ አጎንብሰው በጣታቸው ጫፍ እየዳበሱ የሱሪ ጠርዝ ያጥፋሉ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ኮት ስታይ አራሚዋ ወዲያው ነገሩ ገባት፤ የግራው እጅጌ በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ተገጥሟል። ስህተት ለማየት ዓይኗ የሠለጠነ ነው።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

«አራሚዋ ነሽ? ድምፅሽን ለየሁት። ሚስቴ ልካሽ ነው።»

«ልከውኝም ነው፣ ራሴም መጥቼ ነው።»

«በይ ተቀመጪ። ከመቀስ ላይ እንዳትቀመጪ ብቻ።»

ወንበሩን በእጇ ዳብሳ ተቀመጠች። ሻማዎቹን ከመኪናው ሥር አየቻቸው፤ በአራት ረድፍ፣ አሥር አሥር ሆነው፣ እንደ ክር ጥቅል በሥርዓት ተደርድረዋል። መጥታ የምትናገረውን በመንገድ ስታሰላስል ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር አፏ ላይ መጣ።

«ጋሼ፣ ጨለማውን እስከ የት አነበቡት?»

ልብስ ሰፊው ጠርዙን ማጠፋቸውን ተዉ።

«እስከሚጨልምበት።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላማ...» ሳቅ አሉ። «ፊደሉ ደቃቅ ነው። በማጉያ መነጽር እያንዳንዷን ቃል እየለቀምኩ ነው እዚያ ድረስ የደረስኩት፤ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። እዚያ ስደርስ ማጉያውም አላሳይ አለኝ። ለሚስቴ አንብቢልኝ እንዳልላት እሷ ጥላዋለች።»

«ስለዚህ መንጋቱን አላነበቡም።»

«ይነጋል እንዴ?»

አራሚዋ ይህን ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አልረሳችውም። እንደ ልጅ ነበር የጠየቋት። ቦርሳዋን ከፍታ መጽሐፉን አወጣች።

አራት ቀን ከሰዓት በኋላ እየሄደች አነበበችላቸው። እሳቸው እየሰፉ ይሰማሉ፤ ደንበኛ ሲመጣ ታቋርጣለች፤ ሲሄድ ትቀጥላለች። ልብስ ሰፊው አንድ ቃል አያመልጣቸውም። «ቆይ፣ ይሄ መነኩሴ ቅድም ሞቶ አልነበረም?» ይላሉ። «እሱ ወንድሙ ነው» ትላለች። «ታዲያ ለምን አንድ ዓይነት ካባ አለበሳቸው? ሰው በልብሱ ነው የሚለየው» ብለው ያጉረመርማሉ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ያላሰበችው ነገር ገጠማት። የአራሚ ዓይን ከአፍ ቀድሞ ይሄዳል፤ አፏ አንዱን መስመር ሲል ዓይኗ አሥረኛው መስመር ላይ ነው። እዚያ ያየችው ድምፅዋን ቀጥ አደረገው። በጨለማው ሁለተኛ ቀን አንድ ሐኪም የአንድ ባሕታዊን ደጅ ያንኳኳል። ባሕታዊው አይከፍትለትም። ይልቁንም በሩን እንደዘጋ፣ ሥጋቸውን ለሐኪም ቢላ አሳልፈው የሰጡ ሰዎች ንጋቱን እንደማያዩ ሁለት ገጽ ሙሉ ይናገራል። ደራሲውም ከባሕታዊው ጎን ነው፤ ሐኪሙ ደጅ ላይ ይቀራል። አራሚዋ ይህን ገጽ ሁለቴ አንብባው ነበር፤ ሁለቴም ሳያቆማት አልፋዋለች። አሁን ግን የሚሰማት ሰው ዓይኑ ሞራ የለበሰ ሰው ነው።

ሁለቱን ገጾች በአንድ ላይ ገለበጠቻቸው። «በማግስቱም» የሚል ቃል ከራሷ ጨምራ የተቆረጠውን አገጣጠመችው። ልብስ ሰፊው መርፌያቸውን እየሳቡ ነበር፤ ምንም አልጠረጠሩም። እሷ ግን ጆሮዋ ድረስ ጋላት። ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ ከደራሲ ጽሑፍ ላይ አንዲት ነጥብ ያለ ፈቃድ አንስታ አታውቅም።

በአራተኛው ቀን መጽሐፉ አለቀ። ነጋ፤ ፀሐይ ወጣች፤ ጳጳሱ ተመለሱ። አራሚዋ እንደ ወትሮው እንባዋ መጣ። ልብስ ሰፊው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አልወደድኩትም።»

«ለምን?»

«ጨለማውን የጻፈው ጨለማ የሚያውቅ ሰው ነው። ያ ሰውዬ ኩባያውን ፈልጎ ሲያጣ፣ ደግሞ እጁ አጠገብ ሲሆን... ያ እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ስጨልም ቆይቼ፣ ዓለም በሞላ አብሮኝ የጨለመበት መጽሐፍ አገኘሁ። እውነቱን ልንገርሽ? ደስ አለኝ። ንጋቱን ግን የጻፈው መጽሐፉን ለመጨረስ የቸኮለ ሰው ነው። ሰው ከሦስት ቀን ጨለማ ወጥቶ ዓይኑን እንኳ አያሽም?»

አራሚዋ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ዘጋችው። እሳቸው ቀጠሉ።

«ሻማውንም ተይው። ሻማው ለሚስቴ የሰጠኋት ሰበብ ነው።» መርፌያቸውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው ያዙት፤ ያዩት አይመስልም። «አርባ ስድስት ዓመት መርፌ ይዣለሁ። መርፌ ስንት ጊዜ እንደሚስት አውቃለሁ። የእኔ ሲስት ጨርቁን እፈታና እንደገና እሰፋዋለሁ። ዓይን ግን ተፈትቶ አይሰፋም። ነቅቼ እያለሁ ነው የሚሠሩኝ፤ ታውቂያለሽ?»

በዚያ ዕድሜ ያለ ወንድ «ፈራሁ» ለማለት የዓለምን ፍጻሜ ያህል ነገር እንደሚያስፈልገው አራሚዋ ያኔ ገባት። ልታጽናናቸው ግን አልሞከረችም፤ ስለማታውቀው ነገር መናገር አትወድም። በማግስቱ ነርሷን ይዛት መጣች።

ነርሷ አልሰበከችም። ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠችና መሣሪያው ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ፣ መጀመሪያ የሚያደነዝዝ ጠብታ እንደሚደረግ፣ ሥራው ሃያ ደቂቃ እንኳ እንደማይሞላ በዝርዝር ነገረቻቸው። ልብስ ሰፊው እንደ ባለሙያ ጠየቋት።

«የሚቀደደው በየት በኩል ነው?»

«ከጥግ። በጣም ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ መስፋትም አያስፈልገው፣ ራሱ ይገጥማል።»

«ሳይሰፋ?» አሉ ተደንቀው። «ሐኪሙስ? እጁ እንዴት ነው?»

«በቀን አሥር ይሠራል። ግን ጋሼ፣ አልዋሽዎትም፤ ከመቶ አንዱ ይበላሻል። ያ አንዱ አይሆኑም ብዬ መማል አልችልም።»

ልብስ ሰፊው ጣታቸውን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሄዱ። «ከመቶ አንድ» አሉ። «ከእኔ ይሻላል።»

አዲስ ቀጠሮ ለማግኘት ሁለት ወር ፈጀ። በዚያ መካከል ዓለም አላለቀችም። ግራ ዓይናቸው ተሠራ፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ያለ ማጉያ ማንበብ ቻሉ። መጀመሪያ ያደረጉት ያንን ኮት አውርደው እጅጌዎቹን መፍታት ነበር። ሚስታቸው ይህን ለአራሚዋ ሲነግሯት እየሳቁ አለቀሱ። ሁለተኛ ያደረጉት ደግሞ ቤተ መጻሕፍት መጥተው «ጨለማው»ን ዳግም መዋስ ነበር። አራሚዋ ካርዱን ሞልታ መጽሐፉን ሰጠቻቸው። እንዳይወስዱት የምትልበት ምክንያት አልነበራትም። የዘለለቻቸውን ገጾች መናገር ነበረባት፤ አልተናገረችም።

በሚቀጥለው የቡድኑ ስብሰባ ልብስ ሰፊው ቀድመው መጥተው ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጠዋል። ሌሎቹ ተሟልተው ሲቀመጡ መጽሐፉን ገልጠው አራሚዋ ፊት አስቀመጡት።

«ገጽ ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንትንና ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠኝን ዘለልሽብኝ።»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ አራሚዋ አዩ።

«አዎ፣ ዘለልኩ» አለች። «ሕክምናውን ጨርሶ እንዳያስተውዎት ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ ለምን እንደሆነ። አላስቀየምሽኝም ብል ግን እዋሻለሁ። ያንን ገጽ ብሰማ ኖሮ እሄድ ነበር ወይስ አልሄድም? እሄድ ነበር ብዬ አስባለሁ። ግን አላውቅም። እንዳላውቅ ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ። ዓይኔ ነው የታመመው እንጂ ልቤ መች ታመመ?»

አራሚዋ አንገቷን ደፋች። ሰው አርሟት አያውቅም ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ እርማት ግን ደርሶባት አያውቅም። ሰበብ አልፈለገችም። «ይቅርታ ጋሼ» አለች። «ልክ አልሠራሁም።»

«በይ አሁን አንብቢው። ሁሉም ይስማው።»

አነበበችው። አንድም ቃል አልነካችም፤ የተዛባውንም ዐረፍተ ነገር እንደተዛባ አነበበችው። ስትጨርስ ነርሷ «እና ሐኪሙ ደጅ ላይ ምን ሆነ?» ብላ ጠየቀች። «አይናገርም» አለች አራሚዋ። «አየሽ!» አለች ነርሷ፤ ሌላ አልጨመረችም። አባ ደግሞ ባሕታዊው በሩን ባለመክፈቱ ከማንም በፊት ንስሐ መግባት የነበረበት እሱ ራሱ ነው ብለው በመገረም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ልብስ ሰፊው ግን ወደ አራሚዋ ዞሩ።

«አንቺስ? የሁላችንን አስተያየት ስትሰበስቢ ትውያለሽ፤ የአንቺን ሰምተን አናውቅም። ምን ትያለሽ?»

መጽሐፉን ወደ ራሷ ሳበች።

«ይህን ገጽ እጠላዋለሁ» አለች። «ክፉ ገጽ ነው። ሁለቴ አንብቤው ክፋቱን ሳላየው በማለፌም አፍራለሁ። መጽሐፉን ግን እወደዋለሁ። ንጋቱንም እወደዋለሁ፤ እርስዎ ቸኩሏል ቢሉም።»

«ቸኩሏል!» አሉ ልብስ ሰፊው።

«አልቸኮለም።»

«ሰውየው ዓይኑን አላሸም እኮ፣ እመቤቴ! እኔ ጨርቁ ሲነሣልኝ ግማሽ ቀን ነው ያሸሁት፤ ሲስተር እስክትቆጣኝ ድረስ!»

መምህሩ ገቡበት፤ ነርሷ ገባችበት፤ ክርክሩ ያን ቀን እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ። ሲወጡ አራሚዋ መደርደሪያው ላይ የለጠፈችውን ጽሑፍ ላጠችው። መጽሐፉን ግን በቦታው መለሰችው። ከዚያ በኋላ ሰው መጥቶ ምን ላንብብ ሲላት፣ አንድ መጽሐፍ ከመስጠቷ በፊት ጥቂት ታወራዋለች፤ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ሰሞኑን ምን እንዳሳሰበው ትጠይቀዋለች። አንዳንዱ ይሰለቻል። አንዳንዱ ደግሞ ወንበር ስቦ ይቀመጣል።

የልብስ ሰፊው ቀኝ ዓይን በበጋው መጨረሻ ተሠራ። እንደ ግራው አልሆነላቸውም፤ ዳር ዳሩ ላይ ጭጋግ ቀርቶበታል። «ለመርፌ ቀዳዳ አንዱ ይበቃኛል» ይላሉ ሲጠይቋቸው። እሑድ እሑድ ከጠረጴዛው ጫፍ ቦታቸው ተይዞላቸዋል፤ ሚስታቸውም አንዳንዴ አብረዋቸው ይመጡና በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ሁሉንም ይሰማሉ።